ገበያ ላይ የምናየውን ሱፐርማርኬት ውስጥ ለምን አናይም?

እናቴ ደብረ ማርቆስ ገበያ ላይ ቅቤ ስትገዛ ማየት ነበረባችሁ። ቆንጠር ታደርጋለች፣ ታሸትታለች፣ በጣቷ ታሻለች፣ «ሙዝ የለበትም?» ብላ ትጠይቃለች። ጥላ ትሄዳለች፣ ተጠርታ ትመለሳለች። ያቺው እናቴ ሱፐርማርኬት ስትገባ ግን ዝም ትላለች። መብራቱ ደምቋል፣ ዕቃው ተደርድሯል። ያነሳችውን ከፍላ መውጣት ብቻ። አብዛኞቻችንም እንዲሁ ነን።

የመጀመሪያው ስህተት ቀኑን በእኛ ዘመን ማንበብ ነው። አንድ ቀን እናቴ ብስኩት በካርቶን ገዝታ መጣች። ጀርባው ላይ 2026 ይላል። ያኔ እኛ 2018 ላይ ነን። «ስምንት ዓመት ይቆያል፤ ለእንግዳ ይሆናል» ብላ ቁም ሳጥን ውስጥ ልትቆልፍበት ነበር። ከውጭ የሚመጣው ዕቃ፣ አገር ውስጥ ከሚመረተውም ብዙው፣ ቀኑ የሚጻፍበት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ አለፍ ብሎ ሰባት ዓመት ይቀድመናል፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን ስምንት። ወሩም ያሳስታል። 05 ሲል ጥር እንዳይመስላችሁ። ሜይ ነው፣ አብዛኛው ግንቦት ላይ ይውላል። ግራ ከገባችሁ የተመረተበትንም የሚያበቃበትንም ቀን ፈልጋችሁ አስተያዩ። «ቅናሽ» የሚል ከተለጠፈበት ደግሞ ሁለት ጊዜ እዩት፤ ቅናሹ ያለ ምክንያት ላይሆን ይችላል።

ዘይት ላይ ሊትርና ኪሎን አንድ ማድረግም አለ። ቡሬም ማርቆስም የዘይት ፋብሪካ ስላለን ስለ ዘይት ሁሉን የምናውቅ ይመስለናል። አንድ ሊትር ዘይት ግን አንድ ኪሎ አይሞላም፣ 920 ግራም ገደማ ነው። አምስት ሊትር ማለት አራት ኪሎ ተኩል አለፍ ቢል ነው። ዋጋ ስታወዳድሩ ጀሪካኑን ሳይሆን ጽሑፉን እዩ።

መብራት ጠፍቶ በዋለበት ቀን ከፍሪጅ ዕቃ ማንሳት ሌላው ነው። ክዳኑ ያበጠ እርጎ፣ ቅርጹ የጠፋ አይስክሬም፣ ፌስታሉ ሥር ቀላ ያለ በረዶ የያዘ ዶሮ ካያችሁ ሙቀት ያበላሸው ወይም ቀልጦ እንደገና የረጋ ሊሆን ይችላልና ተዉት። ባሕር ዳር ላይ በሚያዝያ ሙቀት ከሆነማ የፍሪጁን ዕቃ መጨረሻ ላይ አንሱ፣ ቀጥታም ወደ ቤት ሂዱ። ወተት በፌስታል ይዞ መንገድ ላይ ወሬ አይጀመርም።

ጾም ላይ ደግሞ «የጾም ነው» የሚለውን የሻጭ ቃል ብቻ ማመን። ልጅቷ ክፋት የለባትም፣ እሷም አላነበበችውም። ብስኩትና ማርጋሪን ብዙ ጊዜ የወተት ዱቄት አለባቸው። ፍልሰታን አሥራ አምስቱን ቀን በጥንቃቄ ጾሞ፣ ከሻይ ጋር የወተት ብስኩት መብላት ያናድዳል። ከደረሰበት ሰው ጠይቁ፤ እኔው ነኝ።

ትልቁን ግን ያቆየሁት ሆን ብዬ ነው፤ ይሉኝታ። መደርደሪያው ላይ የተለጠፈው ዋጋና ካሸሯ የጠራችው ዋጋ የሚለያይበት ጊዜ አለ። ወይ ዋጋው ጨምሮ ወረቀቱ አልተቀየረም፣ ወይ 15 በመቶው ቫት ወረቀቱ ላይ አልተደመረም። አንዴ ይህ ደርሶብኝ፣ ከኋላዬ ሰልፍ ስለነበር አፍሬ ከፍዬ ወጣሁ። ለትንሽ ብር ተከራከረ እንዳልባል! ገበያ ላይ ለአንድ ብር ግማሽ ሰዓት የምከራከር ሰው። አሁን ወረቀቱን በስልኬ ፎቶ አንስቼ እሄዳለሁ፣ ደረሰኙንም በሩ ላይ ሳልደርስ አነባለሁ። በመልስ ፋንታ ማስቲካ ሲሰጡኝም «ብሩን ብትሰጪኝ» እላለሁ። መጀመሪያ ይከብዳል፣ ከዚያ ይለመዳል።

ሌላው ገበያ የሚያምርበትን ነገር ከመደርደሪያ መግዛት ነው። የአዊ ድንች አፈሩን እንደያዘ ገበያ ላይ እያለ፣ ታጥቦ በመረብ የታሰረውን ለምን?

ባለፈው እናቴን ይዣት ገባሁ። የማር ብልቃጥ አንስታ ወደ ብርሃኑ አዞረችው፣ ገለበጠችው፣ ከዚያ ልጅቷን ጠራች።

«ልጄ፣ ትንሽ ብታቀምሽኝስ?»

«እማማ፣ ታሽጓል እኮ!» አለች ልጅቷ እየሳቀች።

እናቴ ብልቃጡን ቦታው መለሰችው። «እንግዲያውስ ቅዳሜ ገበያ እሄዳለሁ» አለችኝ።