የሌላውን ብሔረሰብ ልብስ ስትለብሱ፦ ደሴ ላይ በየዓመቱ የማያቸው ስህተቶች

ኅዳር ሲገባ ሱቄ መቆሚያ አይገኝበትም። ደሴ ውስጥ የባህል ልብስ እሰፋለሁ፣ አከራያለሁም። ኅዳር 29 የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ነው። ሕገ መንግሥቱ በ1987 የጸደቀው በዚሁ ቀን ስለሆነ ነው የተመረጠው። ትምህርት ቤቱም ቢሮውም መድረክ ያዘጋጃል። ክረምቱ ሲቃረብ ደግሞ የተመራቂዎች ካልቸር ዴይ አለ። በየመሃሉ ሠርግና ሂና አይጠፋም።

አንዳንዱ ደንበኛ ከዋጋው ቀጥሎ የሚጠይቀኝ «የኛ ያልሆነውን ብንለብስ ቅር ይላቸው ይሆን?» ብሎ ነው። አብሽሩ እላለሁ። አሳምሮ የለበሰን እንግዳ አይቶ ፊቱን ያጠቆረ የባህሉ ባለቤት አላጋጠመኝም። እንዲያውም ቀረብ ብለው መቀነቱን ያስተካክሉላችኋል። ሰው ሲቀየም ያየሁት በሚከተሉት ነው።

ፊት ላይ ከሰል መቀባት

ደሜን ከሚያፈላው ልጀምር። መምህሩ ዝርዝር ይዞ ይመጣል። ለኦሮሞው ይሄን ያህል፣ ለአማራው ይሄን ያህል፣ ለሱማሌዋ ድሪያ። ጋምቤላ ላይ ሲደርስ ወረቀቱን ያጥፋል። «ለእነሱ ልብስ አንከራይም። ከሰል ቀብተን ቅጠል እናስርላቸዋለን።» ለሙርሲ ደግሞ ካርቶን በክብ ቆርጠው ከንፈር ላይ ይለጥፋሉ። ልጆቹ መድረክ ላይ ሲወጡ አዳራሹ በሳቅ ይፈርሳል። መምህሩ ሳቁን እንደ ጭብጨባ ይቆጥረዋል።

በምን እንደተሳቀ ግን ማንም አይጠይቅም። ለአማራው ሲጨበጨብ ለጥልፉ ነው፤ ለጋምቤላው ሲሳቅ በቆዳው ነው። ይሄን ስናገር የሚመጣውን መልስ በቃሌ ይዤዋለሁ። «እኛም እኮ ጥቁር ነን፣ ምን ችግር አለው?» ችግሩማ እዚሁ አገር ሰው በቆዳው ጥቁረት ሲሰደብ መኖሩ ነው። ባርነት በሕግ የታገደው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ የዛሬ አያቶች ተወልደው ነበር። ከምዕራቡና ከደቡቡ ዳር ሰው እየተነጠቀ ይሸጥ ነበር። የዚያ ዘመን ስድብ ከሰዉ አፍ ገና አልጠፋም። ከሰሉን የምትቀቡት በዚህ ላይ ነው። አሜሪካ ውስጥም በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነጭ ተዋንያን የተቃጠለ ቡሽ ፊታቸውን ተቀብተው በጥቁሮች እየቀለዱ ገንዘብ ይሰበስቡ ነበር። ዛሬ እዚያ ፊቱን አጥቁሮ የተነሳው የድሮ ፎቶ የተገኘበት ባለሥልጣን ይቅርታ መጠየቅ ግድ ይለዋል።

ደግሞ የተሣለው ራሱ ስህተት ነው። በልጆቹ ግንባር ላይ በኖራ የሚያሰምሩትን መስመር ተመልከቱ። በጋምቤላ የሚኖሩት የኑዌር ወንዶች ግንባር ላይ ከጆሮ እስከ ጆሮ የሚሄዱት ስድስት መስመሮች «ጋር» ይባላሉ። በልማዱ ልጁ ወደ አዋቂነት ሲሻገር በምላጭ ነው የሚሰመሩት። ያን ችሎ ያለፈ ሰው ነው ወንድ የሚባል። እኛ መድረክ ላይ በውኃ የሚታጠብ ኖራ ሦስት ጊዜ ጫር ጫር አድርገን ሰባት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ላይ እናደርገዋለን።

አንድ ጊዜ ለምርቃት ሱፍ ሊከራይ የመጣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አጠገቤ ቆሟል። አንድ መምህር በስልኩ ያለፈውን ዓመት ፎቶ እያሳየኝ «እንደዚህ ነው የምንፈልገው» ይለኛል። ተማሪው አንገቱን አስግጎ አየ።

«ይሄ ማነው?»

«ጋምቤላ ነዋ» አለው መምህሩ።

«የት ሰፈር?»

መምህሩ ዝም አለ። ልጁ ኮቱን እየለካ በመስታወቱ ውስጥ አየውና «እኔ ከጋምቤላ ነኝ። እኛ ጋ ሰው ሲመረቅ ሱፍ ነው የሚለብሰው» አለ። ሳቅኩ፣ ምን ላድርግ። መምህሩም በኋላ ሳቀ፤ ግን ስልኩን ኪሱ ከቶ ነው።

ከሰል የሚቀባ ካለ ልብሴን አላከራይም። ጨርሻለሁ።

«ደቡብ» የሚባል ልብስ መጠየቅ

የለም። ከ50 በላይ ሕዝብ የነበረበት ክልል ነው። ደግሞ ዛሬ ክልሉም የለም። ሲዳማ በ2012 ወጣ፣ ደቡብ ምዕራብ በ2014 ተከተለ፣ የቀረው በ2015 ማብቂያ ለሁለት ተከፈለ። ዝርዝራችሁ ላይ ግን እስካሁን «ደቡብ» አለ።

ጋሞ በሉኝ፣ ወላይታ በሉኝ፣ ሐመር በሉኝ። ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር የሆነውን ዱንጉዛ ጋሞም ወላይታም ይለብሰዋል፤ እሱን እሰጣችኋለሁ። ዱንጉዛ ሱሪ ላይ የሐመር ጨሌ ደርባችሁ «ደቡብ» ካላችሁ ግን ያ ልጅ የማንም አይደለም። ጎንደሬን በሱማሌ ሽርጥ አልብሶ «ሰሜን ምሥራቅ» እንደማለት ነው።

ያገባችና ያላገባች አለመለየት

ይሄን ብዙ ሰው አያስበውም፣ አልፈርድም። ልብሱ ላይ ተጽፎ አይታይም። ግን የለበሰው ሕዝብ ያነበዋል።

አፋር ዘንድ ጥቁሩን የራስ ልብስ የምታስረው ያገባች ሴት ናት። ልጃገረድ ራሷን አትሸፍንም። ሐረር ላይ ጸጉሯን ከጆሮዋ ኋላ ለሁለት ጠቅልላ በጉፍታ የምትሸፍነውም ባለትዳሯ ናት። ሐመር ላይ አንገት ላይ በሚታሰረው ጌጥ የመጀመሪያዋ ሚስት ከሌሎቹ ትለያለች። የኦሮሞዋ ሲንቄ ደግሞ እናት ለልጇ በሠርጓ ቀን የምትሰጣት በትር ናት። ሴቶች ሲንቄ ይዘው ከወጡ ጠበኞች ይቆማሉ። እኛ መድረክ ላይ ግን ወንዱ ሲንቄ ይዞ ሲጨፍር አይቻለሁ።

ዘመድ ሊያስታምሙ ወደ ደሴ የመጡ አንዲት የአፋር እናት በሱቄ በር ሲያልፉ ልኬት ላይ ያለች ትንሽ ልጅ አዩ። መምህሯ «ሙሉ ይሁን» ብላ ከቤቷ ያመጣችውን ጥቁር ሻሽ አስራባታለች። እናትየው ገባ አሉና «ይቺ መቼ ተዳረች?» አሉ። መምህሯ ሳቀች፣ እሳቸው አልሳቁም። ሻሹን ቀስ አድርገው ፈቱት። ጨሌውን አንገቷ ላይ አስተካከሉ። ጸጉሯን በጣታቸው ወደ ኋላ ሰበሰቡና «ልጃገረድ እንዲህ ናት» አሉ። ልጅቷ በመስታወቱ ዞር ዞር ብላ አየች። ከዚያ በፊት የነበረው ማፈሯ ሁሉ ጠፋ።

የባህል መጽሐፍ አገላብጡ አልላችሁም። ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ ውረዱ። ከኮምቦልቻ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራው እዚያ ይገናኛል። እናቶችን በአክብሮት ጠይቁ፣ ያስረዷችኋል። ሲመለሱ ጨሌም በርካሽ ይገዛል።

የማዕረግ ዕቃን እንደ ጌጥ መቁጠር

ግንባር ላይ የሚታሰረው ከለቻ በገዳ ሥርዓት የተወሰነ ደረጃ ያለው ሰው ነው የሚያስረው። ቦኩም የሥልጣን በትር ነው። ገዳ በ2009 ዓ.ም. ዩኔስኮ መዝገብ ላይ የሰፈረ ሥርዓት ነው፤ የጭፈራ ዕቃ አይደለም። ለስምንት ዓመት ልጅ ከካርቶን ከለቻ የምትሠሩ ወላጆች፣ እባካችሁ ተዉት። የኦሮሞ ልብስ ያለ ከለቻም ያምራል።

የአሜሪካ ሕንዶችን ላባ የሚጠይቁኝ ተመራቂዎችም አሉ። ፊልም ላይ ያዩትን ረጅሙን የላባ አክሊል ማለታቸው ነው። እንደ ላኮታ ባሉ ሕዝቦች ዘንድ የንስር ላባ በሥራ የሚገኝ ነው፤ ማንም ተነስቶ አይሰካም። እኛም እኮ ድሮ የአንበሳ ጎፈር ያልጀገነ አያስርም ነበር። ባልዋለበት ጦርነት ጎፈር አስሮ የሚፎክር ሰው አያታችሁ ፊት ቢቀርብ ምን ይሉት እንደነበር አስቡት። በ2011 እ.ኤ.አ. ኦሃዮ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተማሪዎች ይሄንኑ የሚቃወም ፖስተር ለጥፈው ነበር፤ ባህላችን የበዓል ልብስ አይደለም ነው ነገሩ። በዓመቱ የውስጥ ልብስ ሻጩ ኩባንያ ቪክቶሪያስ ሲክሬት ሞዴሉ ላይ አክሊሉን ጭኖ አሳየና ይቅርታ ጠየቀ። ስለዚህ «ማን ያየናል» አትበሉ። ፎቶው ያው ቲክቶክ ላይ ነው የሚወጣው።

ነጠላን ገልብጦ ማጣፋት

ጥለቱ ወደ ላይ፣ ወደ አንገት ከዞረ ሐዘን ነው። ልጆቻችሁ እየዘፈኑ አሮጊቶቹ «ማን ሞቶ ነው?» እንዳይሉ።

አማራ ሲባል መስቀል ማንጠልጠል

ይሄን ስህተት የሌላ አገር ሰው ቢሠራው ይገባኛል። ደሴ ላይ ሲሠራ ግን አይገባኝም። አብዛኛው ደቡብ ወሎ ሙስሊም ነው። የትምህርት ቤቱ «የአማራ ልብስ» ግን ሁሌ መስቀል የተጠለፈበት ቀሚስና የአንገት መስቀል ነው። አንዲት እናት ቀሚሱን ስትመልስልኝ «እትዬ፣ ልጄን አማራ ናት ብለው መስቀል አሰሩላት። እኔ አማራ አይደለሁም እንዴ?» አለችኝ። አልተቆጣችም፣ ደክሟት ነው የጠየቀችው። አሁን ጥለቱ በአበባና በመስመር ብቻ የተሠራ ቀሚስ ለብቻው አለኝ። ጠይቁኝ፤ ወይም ከሁሉ በፊት ልጅቷን ጠይቁ።

ቄስና ሼህ መስሎ ማሳቅ

ኦልድ ዴይ ላይ ሽማግሌ ሁኑ፣ ከዘራ ያዙ፣ ጥጥ ጢም ለጥፉ። ካባ፣ መቋሚያ፣ ሙሰብሃ ለቀልድ አላከራይም። ክርክርም አልገባም።

ቋንቋ እያጣመሙ መዝፈን

ልብሱን አሳምሮ ለብሶ ማይክ ሲይዝ የጉራጌውን፣ የአፋሩን አነጋገር እየኮረጀ የሚያሾፍ መድረክ መሪ አለ። ያኔ ልብሱ ምንም ቢያምር ዋጋ የለውም። ከኔ ልብስ ይልቅ ማይኩን ቢቀሙት ይሻላል።

ልጆችን በብሔር መደልደል

ቀደም ያሉትን አንብቦ የፈራ መምህር ደግሞ ወደዚህኛው ይሮጣል። «እንግዲያው ሁሉም የራሱን ይልበስ» ይላል። ክፍል ውስጥ ቆሞ «አንተ የማን ነህ? አንቺስ?» እያለ ይመዘግባል። በ2014 ጦርነቱ ደሴ ከደረሰ ወዲህ እዚህ ከተማ ይሄ ጥያቄ ስንት ቤት እንዳስደነገጠ የማያውቅ አለ? ሕፃን ልጅ በጓደኞቹ ፊት እንዲህ አይጠየቅም።

ደግሞስ ደሴ ላይ ማን ነው አንድ ብቻ የሆነው? አባቱ ከወረኢሉ፣ እናቱ ከከሚሴ፣ አያቱ ከራያ። አንዷ ልጅ ለመምህሯ የመለሰችው «የደሴ ነኝ» ብላ ነው፤ መምህሯ ምን ልታለብሳት እንደምትችል ልትጠይቀኝ መጣች። ዕጣ አውጡ አልኳት። የወጣላቸውን ይልበሱ፣ የለበሱት ልብስ የማን እንደሆነ ሁለት ዓረፍተ ነገር መድረክ ላይ ይናገሩ። ያ ትምህርት ነው። የአፋርን ልብስ የለበሰ የአማራ ልጅ «ይሄ ሰናፊል ይባላል፣ ወገብ ላይ ይታሰራል» ብሎ ሲናገር ማንም አይቀየምም።

ከሁሉ በላይ መፍራት

ሂና ላይ ሳሪ መልበስ ኃጢአት አይደለም። ጫፉ በግራ ትከሻ መውረዱን አስተካክሉ፣ በቃ። ፈረንጇም የሐበሻ ቀሚስ ለብሳ ፒያሳ ስትወርድ «ያምርብሻል» ነው የምንላት። እኛም የሌላውን ስንለብስ ሌላው እንዲሁ ሊያየን ይችላል።

የመጨረሻው ስህተት የጊዜ ነው። ኅዳር 28 ከሰዓት አትምጡ። ያን ሰዓት የሚቀረኝ አንድ ትልቅ የወንድ ዱንጉዛ ሱሪ፣ ጎዶሎ ጨሌና ያልደረቀ ቀሚስ ነው። መምህሩ «እትዬ፣ ያለውን ይስጡኝ» ይላል፤ አንዱን ከሌላው ያቀላቅላል፤ ከላይ የጻፍኩት ሁሉ በአንድ መድረክ ይታያል። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ኑ። የልጆቹን ቁመት ጽፋችሁ፣ መታወቂያ ለማስያዣ ይዛችሁ።