የፐልሳርን የሬዲዮ ምት ፖላራይዜሽን እንዴት እናጠናለን?

ፐልሳር በፍጥነት የሚሽከረከር ኒውትሮን ኮከብ ነው። ከመግነጢሳዊ ዋልታዎቹ አካባቢ የሚወጣው የሬዲዮ ጨረር ኮከቡ በዞረ ቁጥር ወደ እኛ ብቅ ይላል፤ ቴሌስኮፑም ምት አድርጎ ይመዘግበዋል። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1967 ካምብሪጅ ውስጥ ተገኘ። ያየችው ያኔ ተማሪ የነበረችው ጆስሊን ቤል ናት።

ብዙ ሰው የሚያየው የምቱን ጉልበት ብቻ ነው። እኔ ግን ትልቁ ሀብት ያለው ፖላራይዜሽኑ ላይ ነው ባይ ነኝ። ፖላራይዜሽን ማለት የሞገዱ ኤሌክትሪክ መስክ የሚወዛወዝበት አቅጣጫ ነው። አንድ ጫፉ የታሰረ ገመድ ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወይም ወደ ጎን ማወዛወዝ እንደሚቻለው ማለት ነው። አቅጣጫውን የሚወስነው የኮከቡ መግነጢሳዊ መስክ ነው። ስለዚህ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው፣ እጅግ ሩቅ የሆነ አካል እንዴት እንዳዘነበለ ከዚህ ማወቅ ይቻላል።

1. ዳታ ማግኘት

የራሳችሁ ቴሌስኮፕ አያስፈልጋችሁም። የአውስትራሊያው የፓርክስ ቴሌስኮፕ የፐልሳር ዳታ ከ18 ወር በኋላ ለማንም ክፍት ይሆናል። ለጀማሪ የምመርጠው ቬላ ፐልሳርን ነው። በሰከንድ 11 ጊዜ ያህል ይዞራል፣ ብርቱ ነው፣ ምቱም ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ፖላራይዝድ ነው። ፋይሉ አራቱንም የስቶክስ መለኪያዎች፣ ማለትም የሞገዱን ጉልበትና ፖላራይዜሽን የሚገልጹትን አራት ቁጥሮች፣ መያዙን አረጋግጡ። ጉልበት ብቻ የተመዘገበበት ፋይል ለዚህ ሥራ አይሆንም። ለማቀነባበሪያ ፒኤስአርካይቭ የተባለው ነፃ ሶፍትዌር ይበቃል።

2. ማጽዳትና ካሊብሬት ማድረግ

በሳተላይትና በሞባይል የተረበሹትን ቻናሎች (ጠባብ የፍሪኩዌንሲ ክፍሎች) አውጡ። ከዚያ ካሊብሬሽን፣ ማለትም የመሣሪያውን ስህተት ማረም፣ ይከተላል። ቴሌስኮፑ እርስ በርስ ቀጥ ያለ ማዕዘን የሚሠሩ ሁለት ተቀባዮች አሉት፤ ሁለቱ ምልክቱን እኩል አያጎሉም። ይህን ለማረም ከምልከታው አጠገብ የተቀዳ፣ ፖላራይዜሽኑ አስቀድሞ የታወቀ ሰው ሠራሽ ምልክት አለ። ፋይሉን አብራችሁ አውርዱ። ይህን ከዘለላችሁ ኮከቡ ያልላከው ክብ ፖላራይዜሽን (የመስኩ አቅጣጫ በክብ የሚዞርበት) ዳታችሁ ውስጥ ይመጣል።

3. የፋራዳይን ዙረት መመለስ

ሞገዱ ወደ እኛ ሲመጣ ኤሌክትሮንና መግነጢሳዊ መስክ ባለበት ጠፈር ያልፋል፤ በዚህም አቅጣጫው ይዞራል። ዙረቱ የሚያድገው በሞገድ ርዝመቱ ስኩዌር ልክ ነው። የቬላ የዙረት መለኪያ፣ ማለትም ይህ ዙረት ምን ያህል ብርቱ እንደሆነ የሚናገረው ቁጥር፣ በካሬ ሜትር 31 ራዲያን ገደማ ነው። በ1300 እና በ1500 ሜጋኸርዝ መካከል አቅጣጫው ወደ 23 ዲግሪ ተለያይቶ ይደርሳል ማለት ነው። መለኪያው 300 ቢሆን ኖሮ ልዩነቱ 228 ዲግሪ ገደማ ይሆን ነበር። እንዲህ ያሉትን ቻናሎች ዝም ብሎ የደመረ ሰው ፖላራይዜሽኑ ድራሹ ይጠፋበታል።

መፍትሔው ብዙ የመለኪያ ዋጋዎችን መሞከር ነው። በእያንዳንዱ ዋጋ ዙረቱን መልሱ፣ ቻናሎቹን ደምሩ፣ ከዚያ ትልቁን መስመራዊ ፖላራይዜሽን (መስኩ በአንድ መስመር የሚወዛወዝበትን) የሰጠውን ያዙ። የምድር አዮኖስፌርም (ኤሌክትሮን ያለበት የላይኛው ከባቢ አየር) የራሱን ትንሽ ዙረት ስለሚጨምር ለትክክለኛ ሥራ እሱም ይቀነሳል።

4. የማዕዘኑን ኩርባ ማንበብ

ልብ የሚሞላው ሥራ እዚህ ነው። ከስቶክስ መለኪያዎች ሁለተኛውና ሦስተኛው የፖላራይዜሽኑን ማዕዘን ይሰጡናል። ሦስተኛውን ለሁለተኛው አካፍሉ፣ አርክታንጀንቱን ውሰዱ፣ ለሁለት ክፈሉ። ምልክታቸውን የሚጠብቅ፣ ሁለቱንም ቁጥር ለየብቻ የሚቀበል ፋንክሽን ተጠቀሙ። መስመራዊው ጉልበት ከጩኸቱ (ከዳታው የዘፈቀደ መዋዠቅ) ቢያንስ ሦስት እጥፍ የሆነበትን ቦታ ብቻ ሣሉ።

ብዙ ጊዜ የሚወጣው ወደ ላይ ወይም ወደ ታች የሚጠማዘዝ ለስላሳ ኩርባ ነው። የሬዲዮ አስትሮኖሚ ተመራማሪዎቹ ራዳክሪሽናንና ኩክ እ.ኤ.አ. በ1969 ምክንያቱን አስረዱ፦ ጨረሩ በፊታችን ሲያልፍ የመግነጢሳዊ መስኩ መስመሮች ከእኛ አንጻር አቅጣጫ ይቀይራሉ። በድንገት የ90 ዲግሪ ዝላይ ካያችሁ አትደንግጡ። ሁለት ቀጥ ማዕዘን የሚሠሩ የጨረር ዓይነቶች ተፈራርቀው ነው።

ወደ ኮምፒውተር ስሌት ከመሮጣችሁ በፊት የኩርባውን ቁልቁለት በዓይናችሁ ለኩ። በጣም በሾለበት ቦታ ኮከቡ 1 ዲግሪ ሲዞር ማዕዘኑ 6 ዲግሪ ተቀየረ እንበል። 6 ማለት የመግነጢሳዊ ዘንጉ ከመሽከርከሪያ ዘንጉ ያለው ዝንባሌ ሳይን የእይታ መስመራችን ከዋልታው በራቀበት ማዕዘን ሳይን ሲካፈል ነው። ስለዚህ ዝንባሌው ምንም ይሁን ምን የእይታ መስመራችን ከዋልታው ከ9.6 ዲግሪ በላይ አይርቅም። ምቱ ጠባብ ከሆነ ግን ዝንባሌውን ራሱን ለይቶ ማወቅ ይከብዳል፤ ብዙ ዋጋዎች እኩል ይገጥማሉ። አንዱን ቁጥር ብቻ መርጦ መጻፍ አንባቢን ማሳሳት ነው።

5. የጨረሩን ከፍታ ማስላት

በኮከቡ ሽክርክሪት ምክንያት የኩርባው መሃል፣ ማለትም በጣም የሾለበት ቦታ፣ ከምቱ መሃል ትንሽ ይዘገያል። ዑደቱ 1 ሰከንድ በሆነ ፐልሳር የ1 ዲግሪ መዘግየት ጨረሩ ከኮከቡ ማዕከል 208 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ እንደሚወጣ ያሳያል። አስቸጋሪው የምቱን መሃል መለየት ነው፤ ብዙ ምቶች አንድ ወገናቸው ብርቱ፣ ሌላው ደካማ ነው። ስለዚህ መሃሉን በተለያዩ ፍሪኩዌንሲዎች ለክታችሁ አመሳክሩ፣ ከፍታውንም ከስህተት ወሰኑ ጋር ጻፉ።