ከድሬ ወደ ጋዝ ሳይት ለምትወጡ፦ እነዚህን ስህተቶች ተዉአቸው

በድሬዳዋ አድርገው ወደ ሶማሌ ክልል ጋዝ ሳይት የሚወጡ ወጣት የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያዎች ጎበዞች ናቸው፤ እወዳቸዋለሁ። ችግሩ ሁሉም ዓይናቸው ጉድጓዱ ላይ ነው። ዱሩን የሚጨርሰው መንገዱ ነው።

ማሽን ሳያጥቡ መጫን። ፕሮሶፒስ የሚባለው ወራሪ ዛፍ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ማብቂያ አገር ውስጥ ሲገባ ከመጀመሪያ መትከያዎቹ አንዱ እዚሁ ድሬ፣ ጎሮ ችግኝ ጣቢያ ነበር። ዛሬ ዘሩ በዶዘር ሰንሰለት ጭቃ ውስጥ ተደብቆ ሊጓዝ ይችላል። ማሽኑ ሎቤድ (ማሽን የሚጭነው ተሳቢ) ላይ ሳይወጣ እዚሁ ይታጠብ፤ ሳይት ደርሶ ማጠብ ዘሩን እዚያ መዝራት ነው።

ሜዳው ባዶ ነው ብሎ መጥረግ። እዚህ ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል። የሳይዝሚክ መስመር (ከመሬት በታች ጋዝ ለመፈለግ የሚጠረግ መስመር) ሲወጣ የዶዘሩ ኦፕሬተር ብሌዱን፣ ማለትም መጥረጊያ ምላጩን፣ መሬት አስነክቶ ቀጥ ብሎ ይነዳል፤ በኪሎ ሜትር የሚከፈለው ሰው ለምን ይዞራል? የኦጋዴን መሬት ግን ቆዳው ስስ ነው። የሣሩ ሥር ከተነቀለ የጉ (የበልግ) ዝናብ ያንን መስመር ቦይ አድርጎ ይወርድበታል። የባሰው ደግሞ አይሱዙ የሚያሳልፍ መንገድ ከተከፈተ ከሰል ጫኙ ይከተላል። አንድ ድርጅት ነቅሎ ከሄደ በኋላ መስመሩ ላይ ብወጣ ግራና ቀኙ የከሰል ጆንያ ተደርድሮበታል። የመዝጊያ ሪፖርቱ «መሬቱ ወደ ነበረበት ተመልሷል» ይላል! ስለዚህ ብሌዱ ከመሬት ከፍ ይበል፤ ትልልቁን ግራር ዞሮ ይለፍ፤ የተነሳ የላይ አፈር ለብቻው ተከምሮ ይመለስ። ስትወጡ የመስመሩን አፍ በተቆረጠው እሾህ ዝጉት። ሽማግሌዎቹን ሳታማክሩ ግን እንዳትነኩት፤ የግመል መንገድ ላይ አርፎ ይሆናል።

የጭቃ ገንዳን ክፍት መተው። በጅላል (በበጋው ድርቅ ወቅት) ብርካው፣ የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያው፣ ሁሉ ሲደርቅ የቁፋሮ ጭቃ ከሩቅ ውሃ ይመስላል። እንሹም፣ ግመልም፣ ወፍም ይመጣል። አጥር ወፍ አያግድም፣ መረብ ከላይ ይዘርጋ። በፕላስቲክ የተነጠፈ ገንዳ የገባ እንስሳ ደግሞ ይንሸራተታልና መወጣጫ አድርጉለት።

በአንድ ወቅት ብቻ አጥንቶ «የዱር እንስሳ አልታየም» ብሎ መጻፍ። አዋጅ ቁጥር 299/1995 ሥራው ሳይጀመር የተጽዕኖ ግምገማ ይደረግ ይላል፤ ከበርጫ በፊት ይፈረም አይልም። የባቢሌ ዝሆን በየወቅቱ በኤረርና በጎቤሌ ሸለቆዎች መካከል ይዘዋወራል፤ በተሳሳተ ወር ሄዶ ኮቴውን ማጣት ቀላል ነው። ጋዙ ከባቢሌ ሩቅ ነው ትሉኝ ይሆናል፤ በሐረር አድርጎ ወደ ጅጅጋ የሚወጣው ጭነት ግን በባቢሌና በዳካታ ነው የሚያልፈው። ሌሊት አታስነዱ።

የካምፕ ትርፍራፊ። ሐረር ላይ ጅብ ከሰው እጅ ሲጎርስ ያየ ሾፌር ሁሉ አጥንት መወርወር ይወዳል። ካምፕ የለመደ ጅብ ነገ የጎረቤት ፍየል ይበላል፤ ከዚያ መርዝ ይቀመጥለታል፣ መርዙ ጥንብ አንሳውንም ይፈጃል።

የካምፑ መብራት ወደ ታች ይዙር። ይህንንስ አላብራራም።

በውል ያልገባ ጥበቃ። ማጠቢያው፣ መረቡ፣ መስመር መዝጋቱ በሥራ ዝርዝሩ ዋጋ ካልተጻፈላቸው ተቋራጩ አይሠራቸውም። ከተፈራረማችሁ በኋላ ብትለምኑት «ይታያል» ይላችኋል።