በሎጎ ሐይቅ በመንጠቆ ሲያጠምዱ የሚያጋጥሙ ችግሮች፣ መንስኤያቸውና መፍትሄያቸው

ከደሴ ተነስቶ በወልድያ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ሐይቅ ከተማ ይደርሳል፤ ከዚያም ጥቂት ወረድ ሲል የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበትን ሎጎ ሐይቅን ያገኛል። በዚህ ሐይቅ መንጠቆ ላይ በብዛት የሚወጡት ዓሦች ቆሮሶና አምባዛ ናቸው። ቆሮሶ የሐይቁ ነባር ሳይሆን በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከሌላ ቦታ መጥቶ የተጨመረ ነው፤ ዛሬ ግን ከደሴና ከኮምቦልቻ ዘንግ ይዞ የሚወርድ ሰው ሁሉ በመጀመሪያ የሚያስበው እርሱን ነው። ባዶ እጁን የሚመለስ አጥማጅ ብዙውን ጊዜ የሚጠረጥረው መብሉን ነው፤ ትሉን ትቶ ሊጥ፣ ሊጡን ትቶ ሥጋ ይሞክራል። በእኔ እምነት ግን መብሉ በመጨረሻ ሊጠረጠር ይገባዋል፤ ከእርሱ በፊት ጥልቀቱ፣ ሰዓቱ፣ የመንጠቆው መጠንና የክሩ ይዞታ መመርመር አለባቸው።

ቡሹ ቀኑን ሙሉ ሳይነቃነቅ ሲውል

ቡሹ በክሩ ላይ ታስሮ በውሃው ላይ የሚንሳፈፈው፣ ዓሣ ሲነካ የሚያሳየው ነው። ሳይነቃነቅ ለመዋሉ የመጀመሪያው መንስኤ ዓሣ በሌለበት ጥልቀት ማጥመድ ነው። ሎጎ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ቢኖረውም ጥልቀቱ ከ80 ሜትር በላይ ይደርሳል። ፀሐይ የምታሞቀው የላይኛውን ውሃ ብቻ ስለሆነ፣ የታችኛው ቀዝቃዛና ኦክስጅን ያነሰው ሆኖ ይቆያል፤ ቆሮሶ ደግሞ ዋና ምግቡ በብርሃን የሚያድገው አልጌ በመሆኑ ከላይኛው ውሃና ከዳርቻው ብዙ አይርቅም። ስለዚህ ክንዱ የቻለውን ያህል ወደ መሐል የሚወረውር አጥማጅ፣ ጉልበቱን የሚያፈስሰው ዓሣው ትቶት ወደሄደው ቦታ ነው። መፍትሄው በሣርና በደንገል ጠርዝ፣ ከግማሽ ሜትር እስከ ሁለት ሜትር ባለው ጥልቀት መንጠቆውን ማሳረፍ ነው።

ጥልቀቱን ለማወቅ ቡሹ ራሱ ይናገራል። ቡሹ በውሃው ላይ በጎኑ ከተጋደመ እርሳሱ (ክሩን ወደ ታች የሚያሰምጠው ክብደት) መሬት ነክቷል፣ ክሩም ረዝሟል ማለት ነው፤ ቡሹን ወደ እርሳሱ በጥቂት በጥቂቱ እያቀረቡ ቀጥ ብሎ እስኪቆም ድረስ መሞከር ይገባል። ቀጥ ባለበት ቦታ ላይ አንድ ስንዝር ያህል ሲቀነስ መብሉ ከጭቃው ከፍ ብሎ ይንጠለጠላል። ቆሮሶ ትልና ሊጥ ሲቀርብለት ይወስዳል እንጂ እንደ አዳኝ ዓሦች አሳድዶ አይበላም፤ በዚህም ምክንያት መብሉ በፊቱ ረጋ ብሎ መቆየት አለበት። በየሁለት ደቂቃው እያወጡ መመልከት ራሱ ችግር ነው።

ሁለተኛው መንስኤ ቅዝቃዜ ነው። የውሃው ሙቀት ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲወርድ የቆሮሶ የመብላት ፍላጎት ይቀንሳል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ስለሚበርድ የዳርቻው ጥልቀት የሌለው ውሃ እስከ ንጋት ድረስ ይቀዘቅዛል፤ በእነዚህ ወራት ገና ጎሕ ሳይቀድ ከደሴ መነሳት ትርፉ ብርድ ነው። ፀሐይ ዳርቻውን እስክታሞቅ፣ ማለትም እስከ ጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ መጠበቅ የተሻለ ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ደግሞ ላዩ ላይ የሚንሳፈፈውን አልጌ ወደ አንድ ዳርቻ ይገፋዋል፤ ለአጥማጁ ቢያስቸግርም፣ ነፋሱ ከፊት የሚመታበትን ዳርቻ መምረጥ ብዙ ጊዜ ይክሳል።

ቡሹ ይነቃነቃል፣ ዓሣው ግን አይያዝም

ይህን ያህል አጥማጅን የሚያበሳጭ ነገር የለም፤ መንስኤው ግን በአብዛኛው ቀላል ነው። የቆሮሶ አፍ ከአካሉ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ በመሆኑ ትልቅ መንጠቆ አይገባለትም፤ የመብሉን ጠርዝ እየነጨ ይሄዳል። ከ8 እስከ 10 ቁጥር ያለው መንጠቆ ይበቃል። መንጠቆ ሲገዙ መዘንጋት የሌለበት ነገር፣ በዚህ አቆጣጠር ቁጥሩ በጨመረ መጠን መንጠቆው እንደሚያንስ ነው፤ 2 ቁጥር ለቆሮሶ እጅግ ትልቅ ነው። መብሉም ከአተር ፍሬ የበለጠ መሆን የለበትም፤ የመንጠቆው ጫፍም በመብሉ ተሸፍኖ እንዳይቀር ጥቂት ብቅ ማለት አለበት።

ቀጥሎ የሚመረመረው የጫፉ ስለት ነው። መንጠቆውን በአውራ ጣት ጥፍር ላይ ቀስ አድርገው ሲስቡት ጥፍሩን ከያዘ ስለታም ነው፤ ካንሸራተተ ግን በደቃቅ ሞረድ ሊሳል ወይም ሊለወጥ ይገባዋል። ድንጋይ የነካ መንጠቆ ሁሉ በዚህ መንገድ ቢፈተሽ መልካም ነው።

አንዳንድ ጊዜ ግን ምልክቱ ሌላ ነገር ይናገራል። ጥልቀት በሌለው ውሃ፣ በአሸዋው ላይ ክብ ክብ ጉድጓዶች ከታዩና ቡሹ ሳይሰምጥ ደጋግሞ ከተነካ፣ እዚያ ያለው ጎጆውን የሚጠብቅ ወንድ ቆሮሶ ነው፤ መብሉን የሚገፋው ከክልሉ ለማራቅ እንጂ ለመብላት አይደለም። እንቁላሉን በአፏ ይዛ የምትፈለፍለው ሴቷ ናት፤ ሁለት ሳምንት ለሚያህል ጊዜ እንቁላሉንና ጫጩቶቹን በአፏ ስትጠብቅ ምግብ አትቀምስም። እንዲህ ባለ ቦታ ሲደርሱ መፍትሄው መብል መለወጥ ሳይሆን ቦታውን መልቀቅ ነው። በአፏ እንቁላል የያዘች ዓሣ በአጋጣሚ ከወጣች እጅን አርጥቦ፣ ሳያስጨንቁ ወደ ውሃው መመለስን አጥብቄ እለምናለሁ፤ ከእርሷ ጋር የሚጠፋው አንድ ዓሣ ብቻ አይደለምና።

ክሩ ሲበጠስ

ክር ሲበጠስ ወፍራም ክር ከመግዛት በፊት የተበጠሰውን ጫፍ በጥንቃቄ መመልከት ያስፈልጋል፤ መንስኤው እዚያው ተጽፏል። ጫፉ እንደ አሳማ ጅራት ከተጠማዘዘ ክሩ አልተበጠሰም፣ ቋጠሮው ተፈትቷል፤ በመንጠቆው ቀለበት ካስገቡ በኋላ ክሩን በራሱ ላይ አምስት ወይም ስድስት ጊዜ ጠምዝዞ፣ ከማጥበቅ በፊት በምራቅ ማርጠብ ይገባል፤ ደረቅ ናይለን ሲጠብቅ በሰበቃው ሙቀት ይዳከማልና። ጫፉ ሻካራና የተፋቀ ከሆነ ክሩን የጎዳው ድንጋይ ነው፤ የመጨረሻውን አንድ ሜትር ቆርጦ መጣልና እንደገና ማሰር ይበቃል። በየቦታው በቀላሉ የሚበጠስ ከሆነ ግን ክሩ በፀሐይ ብርሃን አርጅቷል፤ ሙሉውን መቀየር እንጂ ጥገና አያድነውም። ክርን በመስኮት ዳር ወይም በመኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ መተው ለዚህ ይዳርጋል።

አምባዛ መንጠቆውን ሲውጥ

አምባዛ በማሽተትና በስምንት የአፍ ጢሞቹ እየዳሰሰ፣ በተለይ በምሽት ከታች የሚመገብ ዓሣ ነው። ቡሹ እስኪጠፋ ረጅም ጊዜ ከተጠበቀ መንጠቆውን ይውጣል፤ ስለዚህ ክሩ መጓዝ እንደጀመረ ወዲያው መሳብ ይገባል። ሲይዙት በደረት ክንፎቹ ላይ ካለው እሾህ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ከአየር መተንፈስ ስለሚችል ከውሃ ወጥቶም ለረጅም ጊዜ ይኖራል፤ በጆንያ ውስጥ ሲሠቃይ እንዲቆይ ከመተው ወዲያው መግደል ተገቢ ነው።

ዓሣው ቤት ሲደርስ ለስልሶ ወይም ጭቃ ጭቃ እየሸተተ ሲገኝ

መለስለስ የሚመጣው ከሙቀትና ካልወጣ ሆድ ዕቃ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስላለች ቅዝቃዜዋ ይረዳል፤ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሰው ግን ወደ ሞቃት አገር ስለሚገባ ይበልጥ መቸኮል አለበት። ሆድ ዕቃውንና ስንጥቡን እዚያው ሐይቁ ዳር አውጥቶ፣ ከውሃው ራቅ አድርጎ ቀብሮ፣ ዓሣውን በክብደቱ ልክ በሆነ በረዶ መካከል ማስቀመጥ ይገባል። የቀለጠው ውሃ እንዲወጣ ዓሣው የተቀመጠበት ዕቃ ሥር መቀደድ አለበት፤ በራሱ ፈሳሽ ውስጥ የተኛ ዓሣ በረዶ ቢኖረውም ይበላሻል።

የጭቃ ሽታው ግን የመበላሸት ምልክት አይደለም፤ አንዳንድ አልጌዎች የሚያመነጩት ነገር በዓሣው ስብ ውስጥ ሲከማች የሚመጣ ነው። ቆዳውንና የሆዱን ስብ ገፍፎ፣ ሥጋውን ከመጥበስ በፊት ለጥቂት ጊዜ በሎሚ መዘፍዘፍ ሽታውን በእጅጉ ይቀንሰዋል።