አሮጌ ስልክ ላይ ከስተም ሮም ስትጭኑ ከእነዚህ ስህተቶች ተጠንቀቁ

አክስቴ ከአሜሪካ ስትመጣ አንድ ጋላክሲ ኤስ 7 ይዛልኝ መጣች። «እንካ፣ ትዝብት ውስጥ አትክተተኝ፣ አሮጌ ናት» አለችኝ። በፈረንጆቹ 2016 የወጣች፣ አንድሮይድ 8 ላይ የቆመች ስልክ ናት። ሊኒጅኦኤስ የሚባለውን ከስተም ሮም፣ ማለትም በፋብሪካው አንድሮይድ ፈንታ የሚጫን ሌላ ሲስተም፣ ልጭንባት ተነሳሁ። አራት ኪሎ ቤቴ ቁጭ ብዬ ሦስት ሌሊት ታገልኩ። መመሪያውን አንድ በአንድ ተከትያለሁ፣ ግን አልሆነም። በመጨረሻ ሜክሲኮ አካባቢ ስልክ የሚጠግን ልጅ ጋ ወሰድኳት። ገለበጣትና ጀርባዋ ላይ ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ አነበበ። «የአሜሪካ ናት እኮ ወንድሜ፣ ቡትሎደሯ አይከፈትም» ብሎ መለሰልኝ። ቡትሎደር ስልኩ ሲበራ ሲስተሙን የሚያስነሳው ፕሮግራም ነው፣ ካልተከፈተ ሌላ ሲስተም አይቀበልም። አለቀ።

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። የስልኩን ስም እንጂ የሞዴል ቁጥሩን አለማየት። ኤስ 7 አንድ ስልክ አይደለም። ጂ 930 ኤፍ የሚለው የሳምሰንግ የራሱ ኤክሲኖስ ፕሮሰሰር አለው፣ ይከፈታል። ጂ 930 ቲ፣ ቪ ወይም ኤ የሚሉት ግን ለአሜሪካ ኦፕሬተሮች የተሠሩ፣ ስናፕድራገን የሚባል ፕሮሰሰር ያላቸው ናቸው፣ በተለመደው መንገድ አይከፈቱም። እኛ ሰፈር ደግሞ ግማሹ ስልክ በዘመድ ሻንጣ የመጣ ስለሆነ ይሄን ማየት ከማንም በላይ ለእኛ ነው የሚያስፈልገው። የአንዱን ሮም ሌላው ላይ ከጫናችሁ ስልኩ ሊሞት ይችላል። ሴቲንግ ገብታችሁ «ስለ ስልኩ» የሚለውን ክፈቱና ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፉት። ከዛ በኋላ ነው ዳውንሎድ። ፋይሉ ብዙ ሜጋባይት ይበላል፣ ጥቅል ገዝታችሁ የማይሆን ነገር ባታወርዱ ይሻላል።

እኔ ከዛ በኋላ ያገለገለች ኤፍ ፈልጌ ገዛሁ። እሷም ላይ ተሳሳትኩ።

ባክአፕ ሳታደርጉ አትንኩት። ብዙ ስልኮች ላይ ቡትሎደር ሲከፈት ሁሉም ነገር ይጠፋል። ሳምሰንግ ላይ ያ ባይሆን እንኳ በኋላ ዳታውን ፎርማት ማድረጋችሁ አይቀርም። ቴሌግራም ተመልሶ ይመጣል፣ ፎቶ ግን አይመጣም። ሰው የሚረሳው ደግሞ ኢኤፍኤስ የምትባለውን ክፍል ነው። የስልኩ መለያ የሆነው አይኤምኢአይ ቁጥር ከእሷ ጋር የተያያዘ ነው። ከተበላሸች ስልኩ ይበራል፣ ዋይፋይ ይሠራል፣ ሲሙ ግን ኔትወርክ አያገኝም። መጀመሪያ *#06# ደውሉና ቁጥሩን ጻፉ። አዲሱን ሪከቨሪ፣ ማለትም ሮም የሚጫንበትን የስልኩን ክፍል፣ ጭናችሁ እንደገባችሁ ኢኤፍኤስን ባክአፕ አድርጉና ኮምፒውተር ላይ አስቀምጡ። እግረ መንገዴን፣ ኖክስ የሚባለው የሳምሰንግ የደህንነት መጠበቂያ አንዴ ከተነካ አይመለስም፣ የግል ፋይል የሚቆለፍበትን ሴኪዩር ፎልደር ደህና ሁን በሉት።

ስልኩን በዴስክቶፕ ኮምፒውተር ፍላሽ አታድርጉ፣ ማለትም ሮም አትጫኑበት። ለምን እንደሆነ የአዲስ አበባ ልጅ አይጠይቀኝም። መብራት መሃል ላይ ከሄደ ስልኩም አብሮ ሊሄድ ይችላል። ባትሪው ደህና የሆነ ላፕቶፕ ተዋሱ። የስልኩን ባትሪም አትመኑ፣ የዚህ ዕድሜ ስልክ 40 በመቶ እያለው ድርግም ሊል ይችላል።

ሪከቨሪ ጭናችሁ ስልኩ ራሱ ሪስታርት እንዲያደርግ አትተዉት። ኦዲን በሚባለው ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ የሳምሰንግ መጫኛ ፕሮግራም ላይ ያለችውን «አውቶ ሪቡት» ምልክት አጥፉ። ካላጠፋችሁ ስልኩ ሲነሳ የድሮውን ሪከቨሪ ይመልሰዋል፣ እናንተም «ጭኜው ነበር እኮ» እያላችሁ ትደነዝዛላችሁ። እኔ ሁለት ጊዜ ነው የደነዘዝኩት። ወደ አዲሱ ሪከቨሪ ለመግባት ድምፅ መቀነሻውን፣ ሆምና ፓወርን ይዛችሁ ስክሪኑ ሲጨልም ወዲያው ጣታችሁን ወደ ድምፅ መጨመሪያው አዙሩ። ሰከንድ አታባክኑ።

47 በመቶ ላይ አትደንግጡ። ሮሙ ከኮምፒውተር በኬብል ሲጫን ኮምፒውተሩ 47 ላይ ቆሞ የሚቀርበት ጊዜ አለ፣ ብዙ ጊዜ ችግር የለም። እኔ ግን ምን አደረግኩ? ደንግጬ ገመዱን ነቀልኩ። ከዛ እንደገና ከዜሮ። ስልኩ ስክሪን ላይ የሚለውን አንብቡ እንጂ ኮምፒውተሩ ላይ አታፍጥጡ። መጀመሪያ ሲነሳም ደቂቃዎች ይወስዳል፣ ቡና አፍሉ።

የጉግል አፖችን ከፈለጋችሁ ሮሙን ከጫናችሁ በኋላ፣ ስልኩን ገና ሳታስነሱት ነው የሚጫኑት። የአንድሮይድ ቁጥራቸውም ከሮሙ ጋር መግጠም አለበት። አስነስታችሁ ከጫናችሁ አፕ በአፕ ላይ እየቆመ ያስቸግራችኋል።

የመጨረሻው፣ ያለቻችሁ ብቸኛ ስልክ ላይ አትሞክሩ። የባንክ አፖች ቡትሎደሩ የተከፈተ ስልክ አልወድም ሊሉ ይችላሉ፣ ቡና ጠጥታችሁ ሒሳብ ልትከፍሉ ስትሉ ይሄ ሲገጥም ደስ አይልም። እኔ ባንክና ቴሌብር ያለበትን ሲም የድሮዋ ርካሽ ስልኬ ላይ ነው የተውኩት። ኤፏ ታክሲ ውስጥ ሙዚቃ ታሰማኛለች፣ የአክስቴ ስጦታ ደግሞ ራስጌዬ ላይ በአንድሮይድ 8 ጠዋት 12 ሰዓት ትቀሰቅሰኛለች።