ለአበባ የሚሆን ፎንዳንት

ኬክ የምትሸፍኑበትን ፎንዳንት (ከስኳር የሚሠራውን ሊጥ መሰል መሸፈኛ) እንዳለ ወስዳችሁ ጽጌረዳ ለመሥራት አትሞክሩ። የመሸፈኛው እንዳይሰነጠቅ ተብሎ ለስለስ ብሎ ነው የሚዘጋጀው፤ አበባ ግን ስስ ሆኖ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። 250 ግራም ፎንዳንት ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ሲኤምሲ (ፎንዳንቱን የሚያጠነክር ዱቄት) ነስንሳችሁ በደንብ እሹት፤ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራውን ታይሎስ የሚባለውን ዱቄት ካገኛችሁም ይሆናል። ከዚያ አየር እንዳያገኘው በላስቲክ ጠቅልላችሁ አሳድሩት። ዱቄቱ እርጥበቱን ስቦ እስኪያጠነክረው ጊዜ ይፈልጋልና ይህችን በፍጹም አትዝለሏት። ብዙ ሰው ቸኩሎ ሲኤምሲ እየደጋገመ የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው።

መድረሱን ለማወቅ ትንሽ ቆንጥራችሁ ሳቡት። እንደ ማስቲካ ከተለጠጠ ገና ነው፤ ጥቂት ተስቦ ቁርጥ ካለ ደርሷል። ስትዳምጡት ጠርዙ ከተሰነጣጠቀ ደርቋል ማለት ነው፤ ጣታችሁን የአትክልት ቅቤ አስነክታችሁ እንደገና እሹት። ውኃ ግን አይሁን፣ ያጣብቀዋል። የበቆሎ ስታርችም ሲበዛ ያደርቀዋል።

ክረምት ላይ አየሩ ስለሚረጥብ እኔ ሲኤምሲውን ትንሽ ከፍ አደርጋለሁ፤ አበባውንም ኬኩ ከሚፈለግበት ቀን በፊት ቀደም ብዬ እሠራለሁ። የደረቀውን አበባ ፍሪጅ አታስገቡት። ሲወጣ ያልበዋል፣ ያን ያህል የደከማችሁበት ቅጠል ሁሉ ይተኛል።