የፌርፋክስ ካውንቲን የምርጫ ውጤት እንዴት እናንብብ?

“ፌርፋክስ? እሱማ የዴሞክራቶች ነው።” ሰሜን ቨርጂኒያ የምንኖር ሰዎች ስለ ምርጫ ስናወራ ጨዋታው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ያልቃል። አባባሉ ስህተት አይደለም። ግን ስለ ሰፈራችሁም ሆነ ስለምትከፍሉት ታክስ የሚነግራችሁ ነገር የለም። ውጤቱን ራሳችሁ አይታችሁ መረዳት ትችላላችሁ፤ የሒሳብ ሰው መሆንም አይጠይቅም።

መጀመሪያ የምትኖሩበትን አረጋግጡ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ሲቲ የሚባሉት ከካውንቲ ውጪ ራሳቸውን የቻሉ ናቸው፤ ስለዚህ የአሌክሳንድሪያ፣ የፎልስ ቸርችና የፌርፋክስ ሲቲ ድምፅ ከፌርፋክስ ካውንቲ ጋር አይደመርም። የፖስታ አድራሻችሁ አሌክሳንድሪያ እያለ ቤታችሁ ግን ካውንቲው ውስጥ ሊሆን ይችላል። የመራጭነት ካርዳችሁን አውጡና እዩት። ፕሪሲንክታችሁ፣ ማለትም የምርጫ ጣቢያችሁ ክልል፣ እዚያ ላይ ተጽፏል።

ከዚያ ወደ ቨርጂኒያ ምርጫ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ግቡ። የቆዩ ውጤቶች በካውንቲም በፕሪሲንክትም ተከፋፍለው በነፃ ይገኛሉ። ከአንድ ዓመት አትጀምሩ፣ ረዘም አድርጋችሁ እዩ። እ.ኤ.አ. በ2000 ፌርፋክስን በጠባብ ልዩነት ያሸነፈው ጆርጅ ቡሽ ነበር። በ2004 ጆን ኬሪ አሸነፈ፤ ከ1964 ወዲህ እዚህ ያሸነፈ የመጀመሪያው የዴሞክራት ፕሬዚዳንታዊ እጩ መሆኑ ነው። በ2020 ባይደን 70 በመቶ ገደማ አገኘ፤ በ2024 ሃሪስ ወደ 60ዎቹ አጋማሽ ወረደች። ስለዚህ በ1990ዎቹ የመጡ ወገኖቻችን የሚያስታውሱት ፌርፋክስና የዛሬው አንድ አይደሉም። በመሃል ከእስያ፣ ከላቲን አሜሪካና ከአፍሪካ የመጣው ሕዝብ በዝቷል፣ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰው መራጭም ከሪፐብሊካኖች እየራቀ ሄዷል።

አሁን ዋናው ነገር፤ ተመሳሳይን ከተመሳሳይ ጋር አወዳድሩ። ቨርጂኒያ ውስጥ ምርጫ በየዓመቱ አለ፣ የሚወጣው ሰው ብዛት ግን በጣም ይለያያል። በመላው ቨርጂኒያ በ2020 ከተመዘገበው መራጭ 75 በመቶው ወጣ፣ በ2021 ወደ 55 በመቶ፣ በ2023 ደግሞ 40 በመቶ ገደማ። በ2021 የገዥነት ምርጫ ሪፐብሊካኑ ያንግኪን ፌርፋክስ ውስጥ ወደ 35 በመቶ ሲያገኝ ብዙዎች ትራምፕ በ2020 ካገኘው 28 በመቶ ጋር አነጻጽረው “ካውንቲው ተገለበጠ” አሉ። ትክክለኛው ማነጻጸሪያ የ2017ቱ የገዥ ምርጫ ነው። ያኔ ሪፐብሊካኑ ጊሌስፒ ወደ 31 በመቶ አግኝቶ ነበር። ለውጥ አለ፣ ግን የተወራውን ግማሽ ያህል ነው።

እዚሁ ላይ እኛን የሚመለከት ነገር አለ። በ2021ዱ ምርጫ የባይደን መንግሥት በኢትዮጵያ ላይ በያዘው አቋም የተቆጡ ወገኖች ለያንግኪን ቀሰቀሱ። ያንግኪንም በመላው ቨርጂኒያ ወደ 64 ሺህ በሚጠጋ ድምፅ አሸነፈ። “እኛ ነን ያስመረጥነው” የሚለው ወሬ እስካሁን አለ። የፕሪሲንክት ውጤት ግን ይህንን ሊያረጋግጥ አይችልም፤ ስንት ድምፅ ለማን እንደተሰጠ እንጂ ማን እንደሰጠው አይናገርምና። ሐበሻ የሚበዛበት ሰፈር ላይ የሪፐብሊካን ድምፅ ቢጨምር እንኳ የጨመረው ሐበሻው ይሁን ጎረቤቱ አታውቁም። ኮሚኒቲያችን ያለው ድምፅ ትልቅ ነገር ነው ብዬ አምናለሁ፣ ለዚህም ነው ባልተረጋገጠ ቁጥር እንድንናገር የማልፈልገው።

አንድ ወጥመድ ልጨምር። በ2020 ቀድመው የተሰጡ ድምፆች በየፕሪሲንክቱ ሳይበተኑ በአንድ ላይ ነበር የተመዘገቡት። የዚያን ዓመት የጣቢያ ውጤት ብቻ ካያችሁ ሰፈራችሁ ከእውነታው ይልቅ ሪፐብሊካን መስሎ ይታያችኋል፣ ምክንያቱም ዴሞክራቶች በብዛት ቀድመው መርጠው ነበር። ሕጉ ከዚያ ወዲህ ተቀይሯል።

የእጩዎችን ስም ብቻ አይታችሁም አትዝጉት፣ ወደ ታች ውረዱ። በ2016 ፌርፋክስ ለሂላሪ ክሊንተን 64 በመቶ ገደማ ሰጠ፤ በዚያው ቀን፣ በዚያው ወረቀት ላይ፣ የሬስቶራንት ምግብ ታክስን በሕዝበ ውሳኔ ጣለ። ዴሞክራትን መምረጥና ታክስን መቀበል አንድ አይደለም ማለት ነው። በኋላ ሕጉ ሲለወጥ ሕዝበ ውሳኔ ማድረግ ግዴታ መሆኑ ቀረ፣ ካውንቲውን የሚያስተዳድረው የተመረጠ ቦርድም በ2025 ራሱ 4 በመቶውን ታክስ አጸደቀ። ሬስቶራንት ያላችሁ ይህን በደንብ ታውቁታላችሁ።

ይህን ታክስ ያጸደቀው ቦርድ አሥር አባላት አሉት፤ በ2023 ምርጫ ዘጠኙን ወንበር ዴሞክራቶች ያዙ፣ ሪፐብሊካን የሆነው የስፕሪንግፊልድ ዲስትሪክት ወንበር ብቻ ነው። እንዲህ ባለ ካውንቲ ብዙው ወንበር የሚወሰነው በኅዳሩ ዋና ምርጫ ሳይሆን በሰኔ ፕራይመሪ ላይ፣ ማለትም ፓርቲዎች እጩዎቻቸውን በሚያስመርጡበት ምርጫ ላይ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ሲመዘገቡ ፓርቲ መጻፍ የለም፣ ስለዚህ የተመዘገበ ሁሉ ፕራይመሪ ላይ መምረጥ ይችላል፤ በአንድ ቀን የሁለቱንም ፓርቲ መምረጥ ብቻ አይቻልም። የቦርዱ ቀጣይ ምርጫ 2027 ላይ ነው። እስከዚያ የዲስትሪክታችሁን ያለፉ ፕራይመሪዎች ፈልጉና በስንት ድምፅ ልዩነት እንዳለቁ እዩ።